ራስህን ስላገኘህ እንኳን ደስ ያለህ!

የሚመሰገነውን አለማመስገን ንፉግነት ነው። እኔ ደግሞ ንፉግ መባል አልፈልግም። ስለዚህ ራስን ስለማግኘትና ጥሩ ሕይወት ስለመኖር የተጻፉ መጻሕፍትን ገዝተው፣ አንብበው (እሺ፣ ጀምረው)፣ ያገኙትን ብርሃን በማግስቱ በጨለማ ላለነው የሚያካፍሉ ወገኖቼን ዛሬ ላመሰግን ነው።

መጀመሪያ ነገር ሰው ያበላሉ። ለገሃርና ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ መጽሐፍ ከሆዱ እስከ አገጩ ደርድሮ የሚያዞረው ልጅ እንጀራው በእነሱ ነው። ልቦለድና ታሪክ ከታች ገብተው ክምሩን ይሸከማሉ። ከላይ የሚቀመጠው ሽፋኑ ላይ ፀሐይ የምትወጣበት፣ አንድ ሰውዬ ተራራ ጫፍ ላይ እጁን የዘረጋበት ነው። ልጁ ደንበኛ ያውቃል። ፊትህ ትንሽ ከጠቆረ «ብሮ፣ ይቺን አንብባት፣ ትቀየራለህ» ይልሃል። እሱ ስንቴ እንዳነበባት መጠየቅ ነውር ነው።

ከዚያ ፎቶው ይመጣል። ማኪያቶ፣ መነጽር፣ የተገለጠ መጽሐፍ። ከሥሩ «ሕይወቴን የቀየረ መጽሐፍ» የሚል ጽሑፍና «ከዚህ መጽሐፍ የተማርኳቸው ሰባት ነገሮች» ይከተላል። አንዱን ፎቶ ሰፋ አድርጌ አየሁት። የተገለጠው መግቢያው ላይ ነው። በመግቢያ ብቻ እንዲህ የተቀየረ ሰው ምዕራፍ አንድ ቢደርስ ምን ሊሆን እንደሚችል አስቡት። እግዜር ይጠብቀው።

የምክር መጽሐፍ ለእኛ አገር አዲስ አይደለም የሚል ምቀኛ አይጠፋም። አባ ሚካኤል የተባሉ ሰው በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ «መጽሐፈ ፈላስፋ ጠቢባን»ን ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ መልሰውልን ነበር። እንግሊዞች ሳሙኤል ስማይልስ ራስን ስለመርዳት የጻፈላቸው በ1859 ነው። ታዲያ ምን ይጠበስ? የአባ ሚካኤል መጽሐፍ ሽፋኑ ላይ እጁን አጣጥፎ ፈገግ ያለ ደራሲ የለውም። የ21 ቀን ፕሮግራምም የለውም። ማን ያነበዋል?

ከሁሉ በላይ የማደንቀው ግን አንድ ወዳጄን ነው። ሁዳዴን «ሰውነት ይጎዳል» ብሎ ከተወ ዓመታት አልፈዋል። ዘንድሮ አንድ መጽሐፍ በቀን 16 ሰዓት ከምግብ መራቅ ሰውነትን ያድሳል ሲለው ወዲያው ጀመረ። 55ቱን ቀን በየዓመቱ የሚጾሙት እናቱ ይህን ሰምተው እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸውም። «ተመስገን! ልጄ ወደ ጾሙ ተመለሰልኝ» አሉ። «ጾም አይደለም እማዬ፣ ሳይንስ ነው» አላቸው። አሥራ ስድስተኛው ሰዓት ሲሞላ ክትፎ አዘዘ። ሁዳዴው ገና አጋማሹ ላይ ነበር።

የምስጋና ደብተርም አለው። ጠርዙ ወርቃማ፣ ሽፋኑ ቆዳ የሚመስል። በየማታው ያመሰገነባቸውን ሦስት ነገሮች ይጽፍበታል። እናቱ ከአቦል እስከ በረካ ስንቴ «ተመስገን» እንደሚሉ ቆጥሮ የጨረሰ የለም፤ ደብተር ስለሌላቸው ግን አይያዝላቸውም። በቀዝቃዛ ውሃ መታጠብም ጀምሯል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት፣ ማሞቂያ በሌለበት ሰፈር ያደገ ልጅ መሆኑን ረስቶታል መሰለኝ። ያኔ ብርድ ይለው ነበር፤ አሁን ዲሲፕሊን ነው።

ከሌሊቱ 11 ሰዓት መነሣትም የስኬት ምስጢር ነው ተብሏል። እኔ አምናለሁ። ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱት እናቶችና የታክሲ ረዳቶች በዚህ ሰዓት ሥራ ላይ ናቸው። የከተማው ቱጃሮች እነሱ መሆናቸው ነው እንግዲህ። ሀብቱን የት እንደደበቁት ብቻ አልተደረሰበትም።

ወደ ወዳጄ ልመለስ። ምዕራፍ ስድስት ላይ ይመስለኛል፣ «ቶክሲክ ሰዎችን ከሕይወትህ አስወጣ» የሚል አገኘ። ቀልድ አያውቅም፣ ወዲያው ሥራ ጀመረ። መጀመሪያ ከሰፈሩ እድር ወጣ፤ የሞት ወሬ ይበዛበታል። ቀጥሎ አክስቱ ስልክ ሲደውሉ ማንሳት አቆመ፤ «መቼ ነው የምታገባው?» የምትለዋ ጥያቄያቸው ኃይሉን ታሟጥጥበታለች። ከሁሉም በላይ ቶክሲክ ሆኖ የተገኘው ግን አምና ገንዘብ ያበደረው ጓደኛችን ነው። ልጁ ጨዋ ነው። በትሕትና «ወንድሜ፣ ያቺን ነገር ለፋሲካ ብታደርስልኝ» ብሎ ጻፈለት። መልሱን አሳይቶኛል፦ «አሁን ራሴ ላይ እየሠራሁ ነው። ድንበሬን ስለምታከብርልኝ አመሰግናለሁ።» ከዚያ ብሎክ አደረገው።

እንዲህ ያለ ጥበብ በእድሜ አይገኝም። አባቶቻችን ብድር ላለመክፈል አበዳሪው በሚያልፍበት መንገድ አለማለፍ ነበር የሚያውቁት። በዚያ ላይ እያፈሩ።

አሁን ወዳጄ የራሱን መጽሐፍ ጽፎ ጨርሷል። እንዴት ከባዶ ተነሥቶ፣ ማንም ሳይረዳው፣ እዚህ እንደደረሰ ይተርካል። ሽፋኑም አልቋል፤ ተራራ አለበት። ማተሚያ ቤቱ ግን ግማሹን ክፍያ በቅድሚያ ካላገኘሁ አልነካውም ብሎታል። ባለፈው ሳምንት ያ ያበደረው ልጅ ደወለልኝ፤ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶታል። ብሎኩ ተነሥቶለታል። የደረሰው መልእክት እንዲህ ይላል፦ «ወንድምዓለም፣ ምነው እንዲህ ጠፋህ? ሰው እንዲህ ይጨክናል?»