ይድረስ ለኋላ ወንበሩ ባለ ስፒከር

ጉዳዩ፦ ድምፅዎን ትንሽ እንዲቀንሱልን ስለመጠየቅ

ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? እኛ ከጆሯችን በቀር ደህና ነን።

ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለእርስዎ ግን የአንድ ስልክ መንገድ ነው። ከፒያሳ ስንነሳ ስፒከሩን ከፈቱት። የሐረጎን ጠመዝማዛ ስንወርድ ሚኒባሱ በሙሉ የወይፈኑን ዋጋ፣ የአማችዎን ኩርፊያ፣ ያልተመለሰውንም ብድር አውቆት ነበር። ገና ጠመዝማዛው ላይ እያለን «ኮምቦልቻ ገብቻለሁ፤ መናኸሪያ ነኝ!» ሲሉ ፊት የተቀመጡት እናት ዘንቢላቸውን አንስተው ለመውረድ ተዘጋጁ። ምስኪን፣ አመኑዎት እኮ።

ለምን በአፍ አልነገራችሁኝም ይሉ ይሆናል። ይሉኝታ ይዞን ነዋ! ወሎ ላይ ትልቅ ሰውን «ዝም ይበሉ» ማለት ቀላል ነው እንዴ? አንዱ ጎረምሳ እንደምንም ደፍሮ «ጋሼ፣ በአላህ ትንሽ ቀነስ ቢያደርጉልን» ቢልዎ «አብሽር!» ብለው ድምፁን ጨመሩት። ልጁ ወሬው አልሰማ ብሎት የተቸገረ መስሎዎት መሆን አለበት።

እናም በእንግሊዝኛ ልሞክር አልኩ። ችግሩ፣ ከትምህርት ቤት ይዘን የወጣነው ሁለት ብቻ ነው፦ «ኪፕ ኳይት» እና «ሻት አፕ»። የመጀመሪያው፣ ጠረጴዛ በዳስተር እየደበደቡ የሚባል ነው። ሁለተኛው ለጠብ ነው። የክፍል አለቃው ግን አንዱንም ሳይል የረባሾችን ስም ጥቁር ሰሌዳ ላይ ይጽፍ ነበር። ከሁሉም የሚሠራው ያ ነበር።

ባለቋንቋዎቹ በሁለቱ መሃል ብዙ አላቸው። ለጓደኛ «ኪፕ ኢት ዳውን»፣ ድምፅህን ቀነስ አድርግ እንደማለት፣ ይበቃል። ለማያውቁት ሰው «ኩድ ዩ ኪፕ ኢት ዳውን ኤ ቢት፣ ፕሊስ?» ይላሉ። «ትንሽ» ማለታቸው ለወጉ ነው፤ ጭራሽ ቢዘጋላቸው ደስታቸው። ንዴቱ ሲብስባቸው ደግሞ ይበልጥ ይለሰልሳሉ፦ «ሶሪ፣ ዉድ ዩ ማይንድ...» ብለው ይጀምራሉ። የሚረብሸው ሌላ፣ ይቅርታ የሚጠይቀው ሌላ! ዘራቸው ቢጣራ ወሎ ሳይደርስ አይቀርም። «ፓይፕ ዳውን» የሚባልም አለ፣ የመርከበኞች ነው። ማታ ፊሽካ ይነፋል፣ ባሕረኛው ወሬውን ትቶ ወደ መኝታው ይወርዳል። የኛም ረዳት ፉጨት አያጣም ነበር። ምን ዋጋ አለው፣ እሱም በእርስዎ ወሬ ተመስጦ የሰው መልስ መስጠት ረስቷል።

እንግሊዝ አገር አንዳንድ ባቡር ላይ ስልክ የማይወራበት ፉርጎ ይለያል አሉ። ያን አልመኝም። እኛ ለሦስት በተሠራ ወንበር አራት ሆነን እየሄድን የምን ፉርጎ?

ስለዚህ ክቡርነትዎ፣ ኩድ ዩ ኪፕ ኢት ዳውን ኤ ቢት፣ ፕሊስ? አብሽር እንዳይሉኝ ብቻ።

ከሰላምታ ጋር
ከፊትዎ የተቀመጠው

ግልባጭ፦
ለሾፌሩ፣ ስልኩን ለመብለጥ ብለው የከፈቱትን ዘፈን እንዲዘጉልን
ለአማችዎ፣ «ወይፈኑ ተወዷል» ያሉትን እኛም ተወያይተን ስለተስማማንበት