ችክችካውን ማን በላው?

የሙዚቃ መሥሪያ ሶፍትዌር ስትከፍቱ መጀመሪያ የሚቀበላችሁ ቁጥር ነው። 120። አጠገቡ 4/4 ይላል። ኤብልተን ላይቭም ሎጂክም እንዲህ ነው የሚከፈቱት። ገና አንድ ድምፅ ሳትነኩ ፍጥነቱም የምቱ አቆጣጠርም ተመርጦላችኋል።

ሰሞኑን የእህቴ ልጅ የሠራውን ቢት ሊያሰማኝ መጣ። ክራሩ ጥሩ ነው፣ ቤዙም መስኮት ያንቀጠቅጣል። ምቱ ግን ይጎረብጣል። ትከሻ ሊነሳ ይልና መልሶ ይቀመጣል። «ችክችካ ነው እኮ» አለኝ። እስክስታ የሚወረድበት ያ ምት ነበር። ኳንታይዝ በላው።

ኳንታይዝ በእጅ የተመታን ምት ሶፍትዌሩ ካሰመረው መስመር ላይ ወስዶ የሚለጥፍ ትእዛዝ ነው። መስመሮቹ ግሪድ ይባላሉ። እስቲ እናስላው። 120 ቢፒኤም ማለት በደቂቃ 120 ምት ነው፤ አንዱ ምት 500 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። ችክችካ ይህን ለሦስት ይከፍለዋል፦ 0፣ 167፣ 333። የልጁ ግሪድ ግን ለአራት ነበር የከፈለው፦ 0፣ 125፣ 250፣ 375። ስለዚህ 167 ላይ ያረፈው ምት ወደ ቅርቡ መስመር፣ ወደ 125 ተጎተተ። 333 ላይ የነበረው ደግሞ ወደ 375 ተገፋ። 42 ሚሊሰከንድ በወረቀት ምንም አይደለም። ትከሻ ግን ያውቀዋል።

መላው ቀላል ነው። ግሪዱን ወደ ትሪፕሌት፣ ማለትም ምቱን ለሦስት ወደሚከፍለው መቀየር፣ ወይም ከመጀመሪያው በ4/4 ፈንታ ሦስት ሦስት እየተባለ የሚቆጠረውን 6/8 ብሎ መነሳት። የኳንታይዙን ጉልበት ወደ 50 በመቶ ማውረድም ይቻላል፤ ያኔ ምቱ ወደ መስመሩ ግማሽ መንገድ ብቻ ይሄዳል፣ የእጅ ለዛውም አይጠፋም። ልጁ ይህን አልሰማም። ያየው ቲውቶሪያል «ኳንታይዝ አድርግ፣ ይጸዳል» ብሎት አለፈ። ቅሬታዬ እዚህ ጋ ነው። የሶፍትዌሩን ቃላት በአማርኛ የሚያስረዱ ቪዲዮዎች እየበዙ ነው፣ ደስ ይላል። ምሳሌው ግን ያው የውጭዎቹ የሃውስና የትራፕ ቢት ነው። እስክስታ የሚወረድበት ምት ለምን የመጀመሪያው ትምህርት አይሆንም?

ሶፍትዌሩ ውስጥ የሚያጋጥመውን ሚዲን ደግሞ ድምፅ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 የተለያዩ ፋብሪካዎች ኪቦርዶች እንዲግባቡ የወጣ ቋንቋ ነው። የሚናገረው የትኛው ቁልፍ እንደተነካ፣ በምን ጉልበት (ከ0 እስከ 127)፣ መቼ እንደተለቀቀ ነው። ድጓ ላይ ከቃሉ በላይ በደቃቅ ፊደል የሚጻፈውን ምልክት አስቡት። ብራናው አያዜምም፤ የሚያዜመው መሪጌታው ነው። እዚህ መሪጌታው ድምፁን የሚያመነጨው መሣሪያ፣ ሲንተሳይዘሩ ነው። ለዚህ ነው በፒያኖ የተመታን ዜማ በአንድ ጠቅታ ዋሽንት ማድረግ የሚቻለው።

ዋሽንት ሆነ ማለት ግን የዋሽንት ጠባይ አገኘ ማለት አይደለም። የኪቦርዱ 12 ድምፆች እኩል ተራርቀው የተቀመጡ ናቸው። ማሲንቆ ላይ ግን ጣት የሚያርፍበት ቦታ አልተከለለም፤ በአንቺ ሆዬ ቅኝት ሲመታ በሁለት ቁልፎች መካከል የሚውል ድምፅ ይመጣል። ድምፁን በጥቂቱ ከፍ ዝቅ የሚያደርገውን፣ ፒች ቤንድ የሚባለውን ጎማ መልመድ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። የድምፃዊን ዜማ የሚያርመው ሶፍትዌር፣ ኦቶቲዩንም ያው ነው። እንዳለ ከተተወ ድምፃዊውን ወደ 12ቱ ይጎትተዋል። ዘፈኑ በትዝታ ሜጀር ቅኝት ከሆነ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላን ትቶ ሌላውን ማጥፋት ይቻላል። የሚያርምበትን ፍጥነትም ቀነስ ማድረግ ነው፣ አለዚያ ድምፃዊዋ ስታንቆረቁረው የሚመጣውን ለዛ ያርመዋል።

(በነገራችን ላይ፣ ፕሮዲውሰር የሚለው ቃል እኛ ጋ ብዙውን ጊዜ የሚያመለክተው ገንዘብ ያወጣውን ሰው ነው። ውጭ በዚህ ስም የሚጠራው ቢት ሠሪ፣ እኛ ጋ አቀናባሪ ነው። ከውጭ ሰው ጋር ስትዋዋሉ ልብ በሉ።)

አንጋፋው የኪቦርድና የአኮርዲዮን ተጫዋች ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 ዋሽንግተን ሆነው አኮርዲዮናቸውን ከሲንተሳይዘርና ምት ከሚመታ ሪትም ማሽን ጋር ቀርጸዋል። ማሽኑ ሰዓቱን ይጠብቃል፤ አኮርዲዮኑ ሲያሻው ይዘገያል፣ ሲያሻው ይቀድማል። ለልጁ ያን ካሴት ከፈትኩለት። ዝም ብሎ ሰማ።

ከዚያ ግሪዱን ወደ ትሪፕሌት ቀየርን። ጭብጨባውን ግን በእጁ እንዲመታው ነገርኩት። ሦስቴ ሳተ። አራተኛውን ሳንነካው ተውነው።