ተራማጅ ሲራመድ

«ተራማጅ» የተማሪ ቃል ነው። በ1950ዎቹና በ60ዎቹ ከዩኒቨርሲቲ ግቢ ወጥቶ አገር ለአገር ዞሯል። ጎጃም ገጠር ሲደርስ ግን ቃሉ እንደ ወረደ ይተረጎምና አንድ ጥያቄ ብቻ ያስነሣል፤ «በምን ጫማ?»

ጥያቄው ቀልድ አይደለም። ከጮቄ ተራራ ግርጌ ያለች አንዲት ጎጥ 70 ቤት አላት ሲባል 70ው ቤት እንደ ከተማ ሱቅ ተደርድሯል ማለት አይደለም። ሃያው ከጅረቱ ማዶ ነው፣ አሥሩ ከባሕር ዛፉ ጀርባ፣ ሦስቱ ገደል አፋፍ ላይ። እያንዳንዱ ቤት ውሻ አለው፤ ውሻው ደግሞ በርዕዮተ ዓለም አያምንም። ሕዝብ ላደራጅ ብሎ የተነሣ ሰው በቀን ከስድስት ቤት በላይ መግባት አይችልም። የሚያግደው ርቀቱ ሳይሆን ቡናው ነው። በየቤቱ አቦል፣ ቶና፣ በረካ አለ፤ በረካውን ሳይጠጣ የተነሣ እንግዳ ደግሞ ቤቱን ንቋል። ስድስት ቤት በሦስት ስኒ ሲባዛ 18 ስኒ ይሆናል። በቀን 18 ስኒ የጠጣ ተራማጅ ሌሊቱን ሙሉ ቁጭ ብሎ የአቋም መግለጫ ቢጽፍ አይፈረድበትም። እንዲህ እየሄደ ጎጧን ለመጨረስ 12 ቀን ይፈጅበታል። አብዛኛው ተራማጅ በሦስተኛው ቀን ይደክመውና የቴሌግራም ግሩፕ ይከፍታል። ግሩፑ ውስጥ ከሚገቡት የሚበዙት ባሕር ዳርና አዲስ አበባ የሚኖሩ የጎጧ ልጆች ናቸው። ስለ ጎጧ ውሃ ሌሊቱን ሲከራከሩ የሚያድሩት የቧንቧ ውሃ እየጠጡ ነው።

ቤት መግባቱ ከተሳካ ቀጥሎ ያለው አደጋ ደብተር ነው። ተራማጁ ገና ቁጭ ከማለቱ ደብተሩን ያወጣል። ጎጃም ውስጥ ደግሞ ደብተር ይዞ የመጣ እንግዳ ታሪክ አለው። በ1960 የእርሻ ገቢ ግብር ገማች ደብተር ይዞ መጣ፤ ገበሬው መሬት መለካት የርስት መነጠቂያ ነው ብሎ አላስገባም አለ፣ ነገሩ እስከ ጠመንጃ ሄደ፣ በመጨረሻ ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከቦታቸው ተነሡ። በ1967 የእድገት በኅብረት ዘማች ተማሪ መጣ፤ እሱም ደብተር ነበረው። «መሬት ላራሹ» ሲል ባለርስቱ ገበሬ ግራ ገባው፤ መሬቱ ድሮም ያባቱ ነው፣ የሚያርሰውም ራሱ ነው፣ ታዲያ ማን ለማን ነው የሚሰጠው? በ1989 ደግሞ የመሬት ሽግሽግ መጣ። በደብተሩ «ቢሮክራት»፣ ማለትም የቀድሞው ሥርዓት ሹም፣ ተብሎ የተጻፈበት ገበሬ ከአንድ ሄክታር በላይ ያለው መሬቱ ተወሰደ። በባዶ እግሩ የሚያርስ ቢሮክራት በዓለም ላይ የታየው ያን ጊዜ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ደብተር ትንሽ የታመነው አረንጓዴው የመሬት ደብተር የባልና የሚስት ፎቶ ጎን ለጎን ተለጥፎበት ከመጣ ወዲህ ነው። (በነገራችን ላይ ያ ፎቶ ከብዙ የሥርዓተ ፆታ ሥልጠና የበለጠ ሠርቷል። ሚስት በስብሰባ ላይ ባትናገርም ደብተሩ ውስጥ ቁጭ ብላ ባሏን ታየዋለች።) ስለዚህ ደብተር ከኪስ የሚወጣው በሦስተኛው ጉብኝት ነው። ያኔም የሚጻፈው የሰው ስም አይደለም፤ የጎደለ ነገር ስም ነው። ስም የተጻፈበት ሰው በማግስቱ ለኮሚቴ ሳይሆን ለሽምግልና ይመጣል፤ ስሙን እንዲያስፍቁለት።

ከደብተሩ ቀጥሎ አፍ አለ። «ጭቁኑ አርሶ አደር ሆይ» ተብሎ የተጀመረ ንግግር እዚያው ላይ ያበቃል። ሁለት በሬ፣ አንድ በቅሎና አሥራ አምስት ቀፎ ያለው ሰው «ማን ጨቁኖኝ?» ብሎ ዱላውን ይዞ ይነሣል። ንግግሩ ማጠር አለበት። ይህ የዋሸራና የዲማ ጊዮርጊስ፣ የቅኔ ትምህርት አገር ነው። ከቅኔ ሁሉ የሚያጥረው ጉባኤ ቃና በሁለት ቤት (ስንኝ) እንደሚያልቅ፣ መወድስ ደግሞ ስምንት ቤት እንደሆነ ዳዊት ያልደገመው እንኳ ሰምቶ ያውቃል። ተራማጁ የሚመጣው መወድስ ይዞ ነው፤ ያውም ሰም ብቻ የሆነ መወድስ። «የውሃ እጦቱ መዋቅራዊ ነው» ይላል። ጉባኤ ቃናው ግን «ፓምፑ ተሰብሯል፤ ማን ይጠግነው?» ነው።

ፓምፑ በእርግጥ ተሰብሯል። የእጅ ፓምፕ ነው፣ አፍሪዴቭ የሚባለው። ብልሽቱን ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። ጠዋት ላይ እጀታውን ሃያ ሠላሳ ጊዜ ወዝውዘው ነው ውሃ የሚመጣው ከሆነ፣ ታች ያለው ቫልቭ ውሃውን መያዝ አቅቶት ሌሊቱን ወደ ጉድጓዱ መልሶታል። ውሃው ቶሎ መጥቶ ግን እንደ ክር ከቀጠነ የፒስተኑ ጎማ አልቋል። ክዳኑ በአንድ መፍቻ ይከፈታል፣ ዘንጎቹ አንድ በአንድ እየተፈቱ ይወጣሉ፣ ቧንቧውን መንቀል አያስፈልግም፤ ጎማው ተቀይሮ ሁሉም ይመለሳል። ይህ ፓምፕ ገና ሲሠራ የመንደር ሰው እንዲጠግነው ታስቦ ነው። የመንደር ተራማጅ እንዲወያይበት አልታሰበም።

ግን ውይይቱ አይቀርም፤ ውይይት ደግሞ ቀን ይፈልጋል። ቀን መቁረጥ ጎጃም ውስጥ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። በወር ውስጥ 1 ልደታ፣ 5 አቦ፣ 7 ሥላሴ፣ 12 ሚካኤል፣ 16 ኪዳነ ምሕረት፣ 19 ገብርኤል፣ 21 ማርያም፣ 23 ጊዮርጊስ፣ 27 መድኃኔ ዓለም፣ 29 በዓለ ወልድ አለ። ቅዳሜና እሑድ ሲጨመርበት፣ ሁሉንም አክባሪ የሆነ መንደር ሞፈር የሚጨብጠው በወር በአማካይ 14 ቀን ያህል ነው። ተራማጁ «እንግዲያው በበዓል ቀን እንሰብስባቸው፤ ሥራ የለባቸውም» ይላል። ስሕተት ነው። በበዓል ቀን ቅዳሴ አለ፣ ከቅዳሴ በኋላ ማኅበር አለ፣ ከማኅበር በኋላ ጠላ አለ፣ ከጠላ በኋላ የሚደረግ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ የለውም። በሥራ ቀን ቢጠራ ደግሞ ሐምሌ እርሻ፣ ነሐሴ አረም፣ ኅዳር አጨዳ፣ ጥር ሠርግ፤ ከዚያ ዐቢይ ጾም ይገባል። የሚቀረው ከቅዳሴ መልስ የቤተ ክርስቲያኑ ዋርካ ሥር የምትገኘው አንዲት ሰዓት ናት። እሷንም እድሩ ይዟታል፤ የእድሩን ዳኛ አስፈቅዶ 20 ደቂቃ መለመን ነው። እድር ቀሪን ይቀጣል፤ ስለዚህ በእድር ቀን የተጠራ ስብሰባ ላይ ማንም አይቀርም። ጎጧ ውስጥ ያለው ብቸኛው የተሟላ ምልዓተ ጉባኤ የእድር ቅጣት የሰበሰበው ነው።

ሕጉን የሚያከብር ተራማጅ ደግሞ በ1983 የወጣውን አዋጅ ቁጥር 3 ያነብና የሕዝባዊ ፖለቲካ ስብሰባ ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ ይታወቅ ይላል ብሎ ማስታወቂያ ለመጻፍ ይቀመጣል። አይልፋ። የቀበሌው ሊቀመንበር ነገሩን የሚሰማው ገና ሳይጻፍ ነው።

ስብሰባው ሲጀመር የሚያስፈልገው ከሁሉ በላይ ጆሮ ነው። «መልካም ነው» የሚለው መልስ ትርጉሙ «ሰምቻለሁ፤ አልመጣም» ነው። «እስቲ እግዜር ያለው ይሆናል» ማለት «እኔ የለሁበትም፤ እግዜርን ግን ጠይቀው» ማለት ነው። «አንተ ካልህ ይሁን» ከሁሉ የከፋው ነው፤ ነገሩ ሲበላሽ ስምህ ይጠራል። አንድ ሽማግሌ ዝም ብለው በዱላቸው መሬት መጫር ከጀመሩ ውሳኔው ትናንት ማታ ሌላ ቤት አልቋል። ተራማጁ ግን ይህን ሁሉ «በሙሉ ድምፅ ጸደቀ» ብሎ ይጽፋል።

እውነተኛው እሺታ የሚመጣው በጠብ መልክ ነው። ከኋላ አንዱ ተነሥቶ «ገንዘቡንስ ማን ሊይዘው ነው?» ብሎ ከጮኸ ሰውየው ገብቷል። ባልገባበት ነገር ማንም ስለ ገንዘብ አይጣላም። ተራማጁ ይህን ሰው «አፍራሽ» ይለዋል፤ ብልህ አደራጅ ቢሆን ግን ሒሳብ ተቆጣጣሪ ያደርገው ነበር።

አጀንዳው ሦስት ነው። አንደኛ፣ ሪፖርት። ሁለተኛ፣ መዋጮ። ሦስተኛ፣ ልዩ ልዩ። በሪፖርቱ ጊዜ ግማሹ ሰው ያንጎላጃል። በመዋጮው ጊዜ ሁሉም ይስማማል፤ 70 ቤት በወር 10 ብር ቢያዋጣ 700 ብር ነው፣ ማን ሒሳብ ይጠላል? ከዚህ ውስጥ በመጀመሪያው ወር ግማሹ ይገባል፣ በሁለተኛው ወር ሩቡ፣ በሦስተኛው ሰብሳቢው ብቻ ይከፍላል። ምክንያቱ ንፉግነት አይደለም። ፓምፑ በሚሠራበት ወር መክፈል ለጤነኛ ሰው መድኃኒት እንደ መግዛት ይታያል። ከምንጩ አጠገብ ያሉት አሥር ቤቶች ደግሞ መጀመሪያውኑም ፓምፑን አልፈለጉትም። የአጀንዳው ነፍስ ግን «ልዩ ልዩ» ውስጥ ነው። የድንበር ክርክሩ፣ የጠፋችው ጊደር፣ ያልተመለሰችው ብድር ሁሉ የሚወጣው እዚያ ነው። ተራማጁ በዚያ ሰዓት ላይ ወረቀቱን እየሰበሰበ ነው።

ቀጥሎ ኮሚቴ ይመረጣል። ሊቀመንበር፣ ምክትል፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ። ሴት ይኑርበት ስለተባለ ሴት ትኖርበታለች፤ ማዕረጓ «አባል» ነው፣ ሥራዋ ለስብሰባው ቆሎ መቁላት። ከዚያ የማኅተም ጉዳይ ይነሣል። ክብ ይሁን ወይስ ሞላላ? መሐሉ ላይ የበሬ ሥዕል ይሁን የጀሪካን? በዚህ ላይ ሦስት ስብሰባ ይሄዳል። ማኅተም ያላት ግን ሥራ የሌላት ኮሚቴ በየቀበሌው ሞልታለች፤ ሥራ ያላት ግን ማኅተም የሌላት ኮሚቴ አይተን አናውቅም ቢሉ አይግረማችሁ፤ አይታወቅላትማ።

እንዲህ ያለችው ኮሚቴ አለች፤ ያውም እፓምፑ ሥር። ጎሕ ሳይቀድ ቢጫ ጀሪካኖች ተሰልፈው ያድራሉ። ባለቤቶቻቸው የሉም፤ ጀሪካኑ ግን ወረፋውን ይዟል፣ ነክቶ የሚያልፈውም የለም። እያንዳንዷ ጀሪካን 20 ሊትር ናት፣ ስትሞላ 20 ኪሎ፣ አቀበቱ ላይ ደግሞ 40 ትመስላለች። አራስ ቤት ያለች ሴት ጀሪካን በማንም ተሸካሚነት ቀድሞ ይሞላል። ሐዘን የገባበት ቤት ለሳምንት ወረፋ አይጠብቅም። ለከብት የሚቀዳ ከመጨረሻው ነው። ወረፋ የዘለለች በማግስቱ የማንንም እርሾ አትበደርም፤ ይህም ከማንኛውም የእድር ቅጣት ይከብዳል። ደንቡን የጻፈው የለም፣ የማያውቀውም የለም። ተራማጁ በየማለዳው በዚህ ሰልፍ አጠገብ እያለፈ ነው «ሕዝቡ አልተደራጀም» የሚለው።

መዋጮው እዚህ ቢሰበሰብ ሌላ ነው። ገንዘቡን በወር ሳይሆን በጀሪካን፣ በጽሕፈት ቤት ሳይሆን በወረፋው ራስ ላይ፣ ለሊቀመንበሩ ሳይሆን እንደ ወረፋው ለተረኛዋ። ያልከፈለ ወንድ ሚስቱን መላክ አይችልም፤ እዚያ ቆማ ለማፈር ፈቃደኛ የሆነች ሚስት ጎጧ ውስጥ የለችም። ገንዘቡ መቀነት ውስጥ ይቋጠራል፤ ከመቀነት ገንዘብ ለማውጣት ደግሞ ሁለት ፊርማ ሳይሆን አሥራ አምስት ምስክር ያስፈልጋል።

ኮሚቴው አራተኛውን ስብሰባ የጠራው በሰንበት ነበር፣ ከቅዳሴ መልስ፣ በዋርካው ሥር። አጀንዳው «በፓምፑ ጥገና ላይ አቋም ስለ መያዝ» ይላል፤ ማኅተም ተደርጎበታል፣ ሞላላ ነው። ሊቀመንበሩ ተነሥተው አካባቢውን ቃኙ፣ ቆጠሩ፣ ደግመው ቆጠሩ። ከራሳቸውና ከጸሐፊው በቀር ዱላቸውን ይዘው የሚጭሩት ሁለት ሽማግሌዎች ብቻ አሉ። ጸሐፊው «ምልዓተ ጉባኤ ባለመሟላቱ ስብሰባው ለሌላ ጊዜ ተላልፏል» ብሎ ጻፈና ምክንያቱን ለመሙላት አንዱን ልጅ ሰዎቹ የት እንደሄዱ ጠየቀው።

«ውሃ ሊቀዱ» አለ ልጁ። «ፓምፑ ተሠርቷል እኮ።»