«ትብብር ይደረግለት» የሚለው ደብዳቤ ባሕር አያሻግርም

ባለፈው ነሐሴ ሐዋሳ ፒያሳ አካባቢ ካለች አንዲት ኢንተርኔት ቤት ከአንድ ዓይነ ስውር ወጣት ጋር ተቀምጬ የውጭ አገር የነጻ ትምህርት ዕድል ማመልከቻ እየሞላን ነበር። ሕግ ነው የተማረው፤ ውጤቱም የሚያኮራ ነው። አንዱን ጆሮ ለስልኩ፣ ሌላውን ለእኔ ሰጥቶ፣ እኔ ገና አንድ መስመር ሳልጨርስ እሱ ሦስት ጥያቄ ያልፋል። «አካል ጉዳት አለብህ ወይ?» የሚለው ላይ ስንደርስ ግን ጣቱ ቆመ።

«የለም በለው» አለኝ።

«ለምን?»

«መጀመሪያ ውጤቴን ይዩት። ዓይኔን ካስቀደምኩ ውጤቴ ጋ አይደርሱም።»

ወዲያው የምመልስለት ነገር አጣሁ። ይህን የተማረው ከመጽሐፍ አይደለም። የሥራ ቃለ መጠይቅ ተጠርቶ በር ላይ በትሩን ሲያዩ «እንደውልልሃለን» ተብሎ ተመልሷል፤ አንድ ጊዜ ብቻም አይደለም። በአካል ጉዳት ምክንያት በቅጥር ላይ መድልዎ እንዳይደረግ የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 568 ከወጣ ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ ዓመታት ተቆጥረዋል። አገራችን የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ካጸደቀችም ከ2002 ዓ.ም. ወዲህ ዓመታት አልፈዋል። እሱ ሕጎቹን ከነአንቀጻቸው ያውቃቸዋል። በሩም ላይ የሆነውን ያውቃል።

ያም ሆኖ እዚያ ፎርም ላይ «የለም» ማለት የሚጎዳው ራሱን ነው። ጥያቄው የመምረጫ መስፈርት አይደለም፤ ድጋፍ ለማዘጋጀት የሚጠየቅ ነው። የእንግሊዙ ቼቭኒንግ፣ የጀርመኑ ዳድ፣ የአውሮፓ ኅብረቱ ኢራስመስ ሙንዱስ የተባሉት የነጻ ትምህርት ዕድሎች ከአካል ጉዳት ጋር ለሚመጣ ተጨማሪ ወጪ የሚውል ድጋፍ አላቸው። ያልተናገረ ግን አያገኘውም። አይኤልትስ በሚባለው የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና ላይ በብሬል ወይም በጎላ ጽሑፍ የተዘጋጀ ፈተና፣ ተጨማሪ ሰዓትም ማግኘት ይቻላል፤ ሆኖም የፈተና ጣቢያው ሳምንታት ቀደም ብሎ ማወቅ አለበት። በፈተናው ጠዋት የተነገረ ነገር ዋጋ የለውም። ብዙ ልጆቻችን የማያውቁት ሌላም ነገር አለ። እንግሊዝ ውስጥ መንግሥት ለአካል ጉዳተኛ ተማሪዎች የሚሰጠው አበል በመርሕ ደረጃ ለአገሬው ተማሪዎች ነው። ከእኛ የሚሄድ ልጅ የሚያስፈልገውን ከስፖንሰሩና ከዩኒቨርሲቲው ጋር ሳይጓዝ በፊት መጨረስ አለበት፤ ካልሆነ ደርሶ ከባዶ ይጀምራል።

ይህን ሁሉ ነገርኩትና «አለ» አልን። ማስረጃ ተጠየቅን። ችግሩ የመጣው እዚህ ላይ ነው።

ማስረጃውን ለማግኘት ከቢሮ ቢሮ ሁለት ሳምንት ዞርን። ቢሮዎቹን አልጠራም፤ የተናቀበት ቦታም አልነበረም፣ ሁሉም ከወንበራቸው ተነስተው ነው የተቀበሉት። በመጨረሻ የተሰጠን ወረቀት እንዲህ ይላል፦ «ለሚመለከተው ሁሉ። ተማሪው አካል ጉዳተኛ በመሆኑ አስፈላጊው ትብብር ይደረግለት ዘንድ እንጠይቃለን።» ክብ ማኅተም፣ ፊርማ፣ ቲተር። ስካን ተደርጎ በቴሌግራም ሲላክለት ስልኩ ሊያነብለት ሞከረና «ምስል» ብሎ ዝም አለ። ስለ ራሱ የተጻፈውን ደብዳቤ ያነበብኩለት እኔ ነኝ።

እንዲህ ያለው ደብዳቤ ለባጃጅ ተራ አስከባሪ ይበቃ ይሆናል። የውጭ ዩኒቨርሲቲ የአካል ጉዳተኞች ድጋፍ ቢሮ ግን ትብብር አድርጉ ተብሎ አይለመንም፤ የሚፈልገው መረጃ ነው። ጉዳቱ ምን ዓይነት ነው? ከመቼ ጀምሮ? ተማሪው የሚያነበው በብሬል ነው፣ በድምፅ ነው ወይስ በስክሪን ሪደር፣ ማለትም የኮምፒውተር ወይም የስልክ ጽሑፍን በሚያነብ ፕሮግራም? ፈተና ሲወስድ ማን አነበበለት፣ ስንት ሰዓት ተጨመረለት? የዚህ ሁሉ መልስ ደግሞ እዚሁ የተማረበት ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ አለ። ለዓመታት ፈተና ያነበቡለት፣ ሰዓት የጨመሩለት መምህራን ያውቁታል። ጽፎ የሚሰጥ ነው የጠፋው።

ስለዚህ ዩኒቨርሲቲዎቻችንን የምጠይቀው ገንዘብ አይደለም። ተማሪው ሁለተኛ ዓመት ሲገባ የተደረገለትን የትምህርትና የፈተና ማመቻቸት መመዝገብ ይጀመር። ሲመረቅ በእንግሊዝኛ የተጻፈ፣ በዘርፉ ባለሙያ የተፈረመ አንድ ገጽ ይሰጠው፤ ማኅተም ካረፈበት ቅጂ ጋር ስልኩ ሊያነብለት የሚችል የጽሑፍ ፋይል ይጨመርለት።

መስማት ለተሳናቸው ተማሪዎች ደግሞ ዝግጅቱ ከዚህም መቅደም አለበት። የምልክት ቋንቋ ከአገር አገር ይለያያል። ቃል በጣት ምልክት ፊደል በፊደል የሚጻፍበት የእኛ የጣት ፊደል የግዕዙን ሰባት ድምፆች በእጅ እንቅስቃሴ ይለያል። እንግሊዞች በሁለት እጅ፣ አሜሪካኖች በአንድ እጅ የላቲኑን ፊደል ይሠራሉ። እዚያ የሚቀጠረው አስተርጓሚ የሚያስተረጉመው በአገሩ ምልክት ቋንቋ ነውና፣ ልጁ ያንን ሳያውቅ ቢሄድ አስተርጓሚ እያለው እንኳ አይገባውም።

«እዚህ የአንደኛ ደረጃ ልጅ የብሬል መጽሐፍ አጥቶ ስለ ውጭ አገር ታወራለህ?» ያለኝ ወዳጅ አለ። እጥረቱ እውነት ነው፤ ያበሳጨኛልም። ግን ያ አንድ ገጽ ወረቀት ለአዲስ አበባ ማስተርስም፣ ለመንግሥት ሥራ ፈተናም ያገለግላል። ቼቭኒንግ ደግሞ የላከውን ተማሪ አገሩ ተመልሶ ሁለት ዓመት እንዲቆይ ያስገድዳል። ከውጭ የድጋፍ ቢሮ ሲገለገል ኖሮ የሚመለስ ሰው እዚህ አንዱን ለማቋቋም ከማንም ይሻላል።

የወጣቱ እናት ጭንቀታቸው ሌላ ነው። ቡና እየቀዱልኝ «የኔ ልጅ፣ እዚህ በጓደኞቹ ክንድ ነው የሚሄደው። እዚያ ማን ይይዘዋል?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ነጭ በትር አለው፤ ከግቢ እስከ ፒያሳ ብቻውን በበትሩ የሄደበትን ቀን ግን አላስታውስም ይላል፤ ሁልጊዜ አንድ ሰው ይይዘዋል፣ ከፍቅርም ከጥድፊያም። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ከገብርኤል ወደ ሐይቁ በሚወስደው መንገድ ይለማመዳል። እኔ ሃያ እርምጃ ወደ ኋላ ቀርቼ እከተለዋለሁ። ኮብልስቶኑ ላይ በትሩ ይነክሳል፣ የቆመ ባጃጅ ይገጥመዋል፣ ይቆማል፣ ዞሮ ያልፋል። እንዳልጠራው ምላሴን እይዛለሁ።

ደብዳቤውን በመጨረሻ አንድ የቀድሞ መምህሩ ጻፉለት፤ አንድ ገጽ ነው። በጽሑፍ ፋይል ስለመጣ ስልኩ አነበበለት። ሁለት ጊዜ አዳመጠና ሁለተኛው አንቀጽ ላይ አስቆመው።

«ተሳስተዋል» አለኝ። «ብሬል የጀመርኩት በአራት ዓመቴ አይደለም፣ በሰባት ዓመቴ ነው።»

መምህሩ ጋ ደወለ፤ አስተካክለው በማግስቱ ላኩለት።