የስምንት ሰዓቱ ሳንቶሪኒ የት ገባ?

ይህ ነገር ሳይነገር ስለቆየ ዛሬ ይነገር። የክሩዝ፣ ማለትም የመዝናኛ መርከብ ጉዞ፣ ኩባንያዎች የጉዞ ሰሌዳው ላይ «ሳንቶሪኒ፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት» ብለው ሲጽፉ ሰው ስምንት ሰዓት ሙሉ በዚህች የግሪክ ደሴት ላይ የሚውል ይመስለዋል። ገንዘቡን የሚከፍለውም ይህን አምኖ ነው። እናቱን ከአዲስ አበባ አስመጥቶ፣ ወይም ከሐይፋ ከነቤተሰቡ ተሳፍሮ «በራሳችን ወርደን እንዞራለን» ያለ ሰው እጁ ላይ የሚቀረው ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ቢበዛ ሦስት ሰዓት ነው። ሌላውን ሰልፍ ይበላዋል። ሻጩ ደግሞ ይህን አሳምሮ ያውቃል። የሚያናድደውም እሱ ነው።

ሳንቶሪኒ ትልቅ መርከብ ተጠግቶ ሰው የሚያወርድበት ወደብ የለውም። መርከቡ እሳተ ገሞራ ባጎደጎደው ባሕር መሀል ይቆምና ሰው በአመላላሽ ጀልባ ይወርዳል። ስለዚህ መርከቡ 1 ሰዓት ደረሰ ማለት ሰው 1 ሰዓት ወረደ ማለት አይደለም። መጀመሪያ የወደቡ ሹማምንት ፈቃድ መስጠት አለባቸው። ከዚያ የኩባንያውን ኤክስከርሽን (በአስጎብኚ የሚመራ የጉብኝት ጥቅል) የገዙት ይወርዳሉ፣ ቀጥሎ ውድ ክፍል የያዙትና ነባር ደንበኞች። በራሱ የሚወርደው ሰው አዳራሽ ሄዶ የጀልባ ቁጥር ወስዶ ተራ ይጠብቃል። እግሩ መሬት ሲረግጥ ብዙ ጊዜ 2 ሰዓት ተኩል ወይም 3 ሰዓት ሆኗል። ቁጥሩ የትና ስንት ሰዓት እንደሚታደል ከዋዜማው ማታ ጀምሮ በዕለቱ ፕሮግራም ወይም በመርከቡ አፕ ላይ ይወጣል። ማታውኑ አንብቡት። ቁርስ በልቶ ተዝናንቶ የሚመጣ ሰው መጨረሻ ከሚጠሩት ቁጥሮች አንዱ ነው የሚደርሰው።

አሁን ዋናው ጉድ ይመጣል። የኤክስከርሽኑ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚወርዱት አቲኒዮስ በሚባለው ሌላ ወደብ ነው፤ እዚያ አውቶቡስ ቆሞ ይጠብቃቸዋል። በራሱ የወጣው ሰው የሚወርደው ስካላ በሚባለው አሮጌው ወደብ ነው። ስካላ ማለት ከገደል ሥር ያለች ጠባብ ዳርቻ ናት። ፊራ ከተማ ከላይ፣ 200 ሜትር አልፎ፣ ገደሉ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። የመኪና መንገድ የለም። ያለው ኬብል ካር (በሽቦ ገመድ ተንጠልጥሎ የሚወጣ ካቢን)፣ ደረጃና በቅሎ ነው።

ኬብል ካሩን በእርሳስ አስሉት። በአንድ ጊዜ ስድስት ካቢን ይወጣል፣ በአንዱ ካቢን ስድስት ሰው፤ በድምሩ 36 ሰው። ጉዞው ሦስት ደቂቃ ገደማ ነው፣ መጫኛና ማውረጃው ሲጨመር አምስት ደቂቃ በሉት። ደሴቱ እ.ኤ.አ. ከ2025 ጀምሮ በቀን የሚቀበለውን የክሩዝ መንገደኛ 8,000 ላይ ገድቧል። የዚህ ግማሽ ብቻ በኬብል ካር ይወጣል ብንል 111 ዙር ነው። 111 ዙር በአምስት አምስት ደቂቃ ከዘጠኝ ሰዓት በላይ ይፈጃል። መርከቦቹ ደግሞ ቀኑን ተከፋፍለው አይመጡም፤ ሦስት አራት ሆነው ጠዋት ተደራርበው ይገቡና ከሰዓት ተደራርበው ይወጣሉ። ይህን ስሌት የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ይሠራዋል። መርከብ በሺዎች ጭኖ የሚያመጣ ኩባንያ አላሰበውም ብሎ የሚያምን ካለ ይመን። በነሐሴ ፀሐይ ጉልበቷን የሚያማት እናት አንድ ሰዓት ቆማ ስትጠብቅ ግን ውሃ ይዞ የሚመጣላት የለም።

ደረጃው 588 ነው። ጤነኛ ሰው ለመውጣት 40 ደቂቃ፣ ለመውረድ 25 ደቂቃ ገደማ ይበቃዋል። ቁጥሩ ብቻውን ግን ነገሩን አይገልጸውም። ድንጋዩ በእግርና በኮቴ ተፍቆ ልስልስ ብሏል፤ በቅሎዎቹ የሚመላለሱት በዚያው ደረጃ ስለሆነ ፋንድያና ሽንት ሲጨመርበት ያሙለጨልጫል። በሸበጥ ወይም ሶሉ በተላጠ ጫማ አትሞክሩት። በቅሎዎቹ በመንጋ ሲመጡ በግድግዳው በኩል ተጠግታችሁ አሳልፏቸው፣ በገደሉ ጠርዝ በኩል አትቁሙ። በበቅሎና በአህያ ስለመውጣት ደግሞ፦ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የግሪክ ደንብ ከ100 ኪሎ በላይ ወይም ከእንስሳው ክብደት አንድ አምስተኛ በላይ መጫን ከልክሏል። ጭነት የበዛበት አህያ ምን እንደሚመስል ለእኛ ለሐበሾች የሚነግረን አያስፈልግም። አትውጡባቸው።

መውጣቱ ይሁን፤ ብዙ ሰው የሚያዘው ከሰዓት ሲወርድ ነው። ጠዋት በአቲኒዮስ በኩል በአውቶቡስ የወጡት የኤክስከርሽን ሰዎች ጉብኝታቸው የሚያልቀው ፊራ ላይ ነው፤ የመውረጃ ቲኬት ይታደላቸውና «ከዚህ በራሳችሁ ውረዱ» ይባላሉ። በራሱ የዞረውም በዚያው ሰዓት ይመለሳል። የሁሉም መርከብ ሰው አንዲት ጣቢያ በር ላይ ይገናኛል፣ ሰልፉም በሱቆቹ መሀል እየተጠማዘዘ ይሄዳል። መርከቡ 9 ሰዓት ይነሳል ከተባለ የመጨረሻው አመላላሽ ጀልባ 8 ሰዓት ወይም 8 ተኩል ነው። ስለዚህ ሦስትና ከዚያ በላይ መርከብ ባለበት ቀን ከመጨረሻው ጀልባ ሁለት ሰዓት ቀድማችሁ ሰልፉ ላይ ሁኑ። ሰልፉ ካስፈራችሁና ጉልበታችሁ ደህና ከሆነ በደረጃው ውረዱ። ታክሲ ብላችሁ አትድከሙ፤ ደሴቱ ላይ ታክሲ ጥቂት ነው፣ ቢገኝም ስካላ አይወርድም።

ታዲያ ምን ይሻላል? ስካላ እንደወረዳችሁ የኬብል ካሩን ሰልፍ ትታችሁ በደሴቱ ሰሜን ጫፍ ወዳለችው ኢያ መንደር የሚሄድ ጀልባ ፈልጉ። ሻጮቹ እዚያው ወደቡ ላይ ናቸው። ጀልባው ከኢያ ሥር ያወርዳል፣ መኪና ተቀብሎ ወደ ላይ ያወጣል፣ ቆይታችሁ ስትጨርሱ አውቶቡስ ወደ ፊራ ይመልሳችኋል። የጠዋቱን ሰልፍ ሙሉ በሙሉ ያስቀራል፤ ኢያም የምትታየው ከመጨናነቋ በፊት ነው። ከመክፈላችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ፦ መኪናው ኢያ ድረስ የሚያወጣ መሆኑን (እዚያም ረጅም ደረጃ አለ) እና የመመለሻው አውቶቡስ የሚነሳበትን ሰዓት። በቀጥታ ፊራ የወጣ ሰው ግን የሕዝብ አውቶቡስ አለለት፤ ጣቢያው ከኬብል ካሩ አሥር ደቂቃ ያህል በእግር ነው፣ ኢያ 25 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። ቲኬቱ አውቶቡሱ ላይ ይቆረጣል፣ ዝርዝር ጥሬ ገንዘብ ያዙ። አውቶቡሶቹ የሚነሱት ሁሉም ከፊራ ነው። ከኢያ በደቡብ ወዳለው የጥንት ከተማ ፍርስራሽ፣ ወደ አክሮቲሪ፣ የሚሄድ ሰው ፊራ ተመልሶ መቀየር አለበት፤ አጭር ቆይታ ያለው መንገደኛ ሁለቱንም አያደርሰውም። አንዱን ምረጡ።

ሌሎቹ ደሴቶች ይህን ያህል አያስለቅሱም። ሮዶስ ላይ መርከቡ የሚጠጋው ከአሮጌው ከተማ ቅጥር አጠገብ ነው፤ በእግር ገብቶ መዞር ነው፣ ኤክስከርሽን የሚያስገዛ ነገር የለም። እዚያው ሮዶስ ላይ ያለው ሊንዶስ መንደር ግን 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚርቅ ግማሽ ቀን ብቻ ላለው አይመከርም። ሚኮኖስ ላይ ትልልቆቹ መርከቦች ቱርሎስ ይቆማሉ፣ ከተማው ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ የሚያመላልስ የባሕር አውቶቡስ አለ። የሐምሌና የነሐሴ ነፋስ ግን ቀልድ አያውቅም። ካፒቴኑ ወደቡን ዘልሎ ማለፍ ይችላል፣ ውላችሁም ላይ ተጽፏል፤ የሚመለሰው ብዙ ጊዜ የወደብ ክፍያው ብቻ ነው። ስለዚህ በራሳችሁ አስጎብኚ ስትይዙ «መርከቡ ካልቆመ ሙሉ ገንዘቤ ይመለሳል» የሚል ጽሑፍ በእጃችሁ ይኑር።

ክፍያ ካልን፦ ግሪክ ከጁላይ 2025 ጀምሮ ከክሩዝ መንገደኛ ላይ ቀረጥ ትሰበስባለች። ከጁን እስከ ሴፕቴምበር ሳንቶሪኒና ሚኮኖስ በነፍስ ወከፍ 20 ዩሮ፣ ሌሎቹ ወደቦች 5 ዩሮ። አምስት ሰው ያለበት ቤተሰብ ለሁለቱ ደሴቶች ብቻ 200 ዩሮ ይከፍላል ማለት ነው፣ ያውም ለሰልፍ። ሂሳባችሁ ላይ በየትኛው ስም እንደገባ ከመሳፈራችሁ በፊት ጠይቁ።

መርከቡ የኩባንያውን ኤክስከርሽን የያዙትን ይጠብቃል፣ በራሱ የወጣውን አይጠብቅም። ከቀራችሁ ቀጣዩ ወደብ ድረስ በራሳችሁ ወጪ ነው የምትደርሱት። የወደቡ ወኪል ስልክ በዕለቱ ፕሮግራም ላይ ይጻፋል፤ ፎቶ አንሱት። ሰዓታችሁንም በመርከቡ ሰዓት አድርጉ። ከጣሊያን የሚነሳ መርከብ ግሪክ ሲገባ ሰዓቱን ወደፊት ይገፋል፤ ስልካችሁ ራሱ ይቀይራል ወይም አይቀይርም፣ በእሱ አትተማመኑ። ከእኛ ሰው ጋር ስትቀጣጠሩ ደግሞ «በሁለት ሰዓት» ስትሉ በሐበሻ ይሁን በፈረንጅ ለዩ። እናት በሐበሻ፣ ልጅ በፈረንጅ ቆጥረው የተላለፉበት ቤተሰብ ብዙ ነው።

የኢትዮጵያ ፓስፖርት ለያዘ ሰው ደግሞ ከሁሉ የከፋው ቪዛው ነው። መርከቡ ከግሪክ ደሴቶች መሀል አንድ ቀን ቱርክ፣ ኩሻዳሲ፣ ቆሞ ወደ ግሪክ የሚመለስ ከሆነ ከሸንገን (ከአውሮፓ የጋራ ቪዛ ክልል) ወጥታችሁ እንደገና እየገባችሁ ነው፤ አንድ ጊዜ መግቢያ ቪዛ አያገለግልም፣ መልቲፕል ኢንትሪ (ደጋግሞ የሚያስገባ) መሆን አለበት። የአሜሪካ ግሪን ካርድ ለግሪክ ቪዛ አይተካም። ይህን የሚያጣራው ኩባንያ ገንዘባችሁን ሲቀበል ሳይሆን መሳፈሪያው ጠረጴዛ ላይ፣ ሻንጣ ተይዞ በተመጣበት ቀን ነው። ከዚያ መልሱ «ኃላፊነቱ የመንገደኛው ነው» ይሆናል፤ ገንዘብም አይመለስም።

የሚጠየቀው ነገር ትንሽ ነው። ኩባንያው በየትኛው ቀን ስንት መርከብ አብሮት እንደሚቆም ያውቃል፤ ክሩዝማፐር በተባለው ድረ ገጽ ላይ ማንም ሰው ከወራት በፊት ገብቶ ማየት ይችላል፣ እናንተም ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት እዩት። ታዲያ ለምን የጉዞ ሰሌዳው ላይ አይጻፍም? «በዚህ ቀን አራት መርከብ አለ፣ በራሱ የሚወርድ ሰው ከ3 ሰዓት በፊት መሬት አይረግጥም፣ የመጨረሻው ጀልባ 8 ሰዓት ነው» የሚል አንድ መስመር። ከመክፈላችን በፊት እንጂ ከዋዜማው ማታ አይደለም።