ከሰሉ በባቡር፣ ውኃው በጀሪካን

ከዋሽንግተን ዲሲ ተነሥቼ ወደ ደቡብ ምዕራብ ስድስት ሰዓት ያህል ከነዳሁ በኋላ ማክዳወል ካውንቲ ስገባ መጀመሪያ ዓይኔን የያዘው የጀሪካን ሰልፍ ነበር። ከተራራው ግርጌ በወጣ ቱቦ ሥር ሦስት ሰዎች ተራቸውን እየጠበቁ የፕላስቲክ ዕቃቸውን ይሞላሉ፤ በየቤታቸው ቧንቧ ቢኖርም ከእሱ የሚወርደውን ውኃ ስለማያምኑት ከዓለት የሚፈልቀውን ይመርጣሉ። ከአዲስ አበባ ስወጣ ለዘለዓለም የተሰናበትሁት የመሰለኝን ሰልፍ አሜሪካ ውስጥ፣ ያውም ለዋና ከተማዋ በዚህ ያህል ቅርበት አገኘዋለሁ ብዬ አላሰብሁም ነበር።

ማክዳወል የዌስት ቨርጂኒያ ግዛት የመጨረሻው ደቡባዊ ካውንቲ (እንደ ወረዳ ያለ የግዛት አስተዳደር ክፍል) ነው። በ1858 ሲመሠረት (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው) ዌስት ቨርጂኒያ የምትባል ግዛት ገና አልነበረችም፤ ከቨርጂኒያ ተገንጥላ ራሷን የቻለችው ከአምስት ዓመት በኋላ ነው። ምድሩ ተራራና ጠባብ ሸለቆ ብቻ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በየሸለቆው ያለችውን ጥቂት ሜዳ ጅረቱ፣ ሐዲዱ፣ አስፋልቱና መኖሪያ ቤቱ ተሻምተው ስለያዟት ከባድ ዝናብ በጣለ ቁጥር ጎርፉ ሰው ቤት ይገባል። በ2001፣ በ2002፣ ከዚያም በየካቲት 2025 የደረሰው ይኸው ነው።

ይህን አገር የለወጠው በ1880ዎቹ የገባው የኖርፎክ ኤንድ ዌስተርን ባቡር ነው። የአካባቢው ከሰል ጭሱ ትንሽ፣ ሙቀቱ ብዙ በመሆኑ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ሳይቀር ለመርከቦቹ ይፈልገው ነበር። ከባቡሩ ጋር የመጡት ግን የመሬት ገዢዎችም ጭምር ነበሩ። በዚያ አገር ሕግ የመሬቱ ገጽና ከሥሩ ያለው ማዕድን የተለያዩ ባለቤቶች ሊኖሯቸው ይችላሉ፤ ስለዚህ ገበሬው ማሳውንና ቤቱን እንደያዘ ከእግሩ በታች ያለውን ሀብት በርካሽ ሸጦ፣ ልጆቹ አባታቸው በሸጠው ከሰል ውስጥ ቅጥር ሠራተኛ ሆኑ። ቤቱም ሱቁም የኩባንያው በሆነባቸው መንደሮች ብዙ ጊዜ ደመወዝ የሚከፈለው ኩባንያው ራሱ ባወጣውና ከእሱ ሱቅ ውጭ እምብዛም በማያገለግል ገንዘብ ነበር።

ሥራው ከሩቅ ሰው ጠራ። ከሀንጋሪ፣ ከጣሊያንና ከፖላንድ የመጡ ስደተኞች፣ ከአላባማና ከሰሜን ካሮላይና የፈለሱ ጥቁር አሜሪካውያን አብረው ገቡ። ትምህርት ቤቱ በዘር ቢለያይም ከሰል ለሚጭኑት በቶን የሚከፈለው ዋጋ ለነጭም ለጥቁርም አንድ ነበር፤ በደቡብ ግዛቶች ለጥቁሮች የተዘጋው የምርጫ ሣጥንም በዚህ ክፍት ነበር። በአሜሪካ ታሪክ የሕግ አውጪ ምክር ቤት አባል የሆነችው የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሚኒ በኪንግሃም ሃርፐር፣ በ1928 የሟች ባሏን መቀመጫ እንድትይዝ የተሾመችው ከዚሁ ካውንቲ፣ ኪስቶን ከተባለች አነስተኛ ከተማ ነው። በዚያው ዓመት በዚሁ ካውንቲ ኪምቦል ላይ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለዘመቱ ጥቁር ወታደሮች የተሠራው የመታሰቢያ ሕንፃ ዛሬም ቆሟል።

በካውንቲው ዋና ከተማ በዌልች የፍርድ ቤቱን ደረጃዎች ወጥቼ ወረድሁ። ከማዕድን ሠራተኞች ጎን የቆመው የማትዋን ከተማ ፖሊስ አዛዥ ሲድ ሃትፊልድ ለክስ ተጠርቶ ሲመጣ፣ ነሐሴ 1 ቀን 1921 በእነዚህ ደረጃዎች ላይ መሣሪያ ሳይዝ፣ ሚስቱ አጠገቡ እያለች በኩባንያዎቹ ቅጥር ታጣቂዎች ተገደለ። በዚያው ወር መጨረሻ በሺህ የሚቆጠሩ ሠራተኞች መሣሪያ አንሥተው እዚያው አካባቢ ባለው ሎጋን ካውንቲ ብሌር ተራራ ላይ ተዋጉ።

በ1950 በካውንቲው 98,887 ሰዎች ይኖሩ ነበር። ከዚያ የከሰል መቁረጫ ማሽን የብዙ ሰው ሥራ ጠቅልሎ ያዘ፤ በ1980ዎቹ ደግሞ ትልቁ የብረት ኩባንያ ጋሪ በተባለችው ከተማ የነበሩትን ጉድጓዶቹን ዘጋ። በ2020 የተቆጠረው ሕዝብ 19,111 ነው።

እዚህ ላይ ለእኛ ለስደተኞቹ የሚቀርብ አንድ ነገር አለ። ብዙዎቻችን አሜሪካ በገባንባቸው ወራት የተጠቀምንበትና በቡና ላይ ስሙን ዝቅ ባለ ድምፅ የምንጠራው ፉድ ስታምፕ (የመንግሥት የምግብ እርዳታ)፣ በግንቦት 1961 እንደገና ሲጀመር የመጀመሪያው 95 ዶላር የተሰጠው ለማክዳወል ካውንቲ አንድ ባለ ብዙ ልጆች ቤተሰብ ነው። ፕሬዚዳንት ኬኔዲ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ለምርጫ ቅስቀሳ በዌስት ቨርጂኒያ ሲዘዋወር ያየው ረሃብ ነበር ለዚህ ያነሣሣው። የአገሪቱን መርከቦችና የብረት ምድጃዎች ያሞቀ ሕዝብ ለምግብ እርዳታ ቀዳሚው ተሰላፊ መሆኑን ሳስብ፣ እኛ እርዳታ መቀበልን የስደተኛ ነውር ብቻ አድርገን መቁጠራችን አስገረመኝ።

አገር ቤት ከሰል ሲባል ቀድሞ የሚታሰበን ቡና የሚፈላበት የእንጨቱ ነው፤ ሆኖም የድንጋይ ከሰልም አለን። ኢሉባቦር ውስጥ ያዩ ላይ ከሰሉ የተገኘው የዱር ቡና በሚበቅልበት፣ በ2010 ዩኔስኮ በመዘገበው የደን አካባቢ ነው። በከሰሉ ማዳበሪያ ይመረታል ተብሎ የተጀመረው ትልቅ ፕሮጀክት ገበሬዎችን ከቦታቸው ካስነሣ በኋላ ሳይጠናቀቅ ቀርቷል። በእኛ ሕግ መሬትም ማዕድንም የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆኑ የያዩ ገበሬ እንደ ማክዳወሉ የእግሩን ሥር ለደላላ አይሸጥም፤ ሲነሣም ካሳው የሚታሰበው በመሬቱ ላይ ላለው ንብረትና ለሚቀርበት ገቢ እንጂ ለመሬቱ ለራሱ አይደለም። ያኛው ሸጦ አጣ፤ ይኸኛው የሚሸጠው የለውም። ከሁለቱ ማን የተሻለ ውል እንደ ያዘ ስድስት ሰዓት ሙሉ እየነዳሁ አስቤ መልስ አላገኘሁለትም።

ከዌልች ስወጣ የከሰል ባቡር መጣ፤ ብረት ለሚያቀልጡ ፋብሪካዎች የሚሆነው ከሰል ዛሬም እዚያ ይወጣል። ፉርጎዎቹን መቁጠር ጀምሬ ሰማንያ ላይ ስደርስ ተውሁት። ቱቦው ጋ ቆሜ የውኃ ጠርሙሴን ስሞላ አንድ አዛውንት ውኃው ከየት እንደሚመጣ ነገሩኝ፤ አባታቸው ሲቆፍሩ ከኖሩበትና ዛሬ ከተዘጋው የከሰል ጉድጓድ ነው።