ወባ ከበቆሎ እሸት አይመጣም

ጋሼ፣ ስለ አባቴ የጻፉትን መታሰቢያ እናቴ ደጋግማ አስነበበችኝ፤ እግዜር ይስጥልኝ። አንድ ነገር ግን ላርም። «ደምቢያ ላይ እሸት አብዝቶ ወባ ጣለው» ብለዋል። ወባ ጥሎታል፣ እውነት ነው። እሸቱ ግን የለበትም።

አባቴ ሳኒቴሪያን፣ ማለትም የአካባቢ ጤና ባለሙያ ነበር፤ የተማረውም በ1947 ዓ.ም. በተከፈተው የጎንደር ጤና ኮሌጅ ነው። ኮሌጁን ካስከፈቱት ምክንያቶች አንዱ ትንሽ ቀደም ብሎ ደምቢያን ያረገፈው የወባ ወረርሽኝ ነበር። እሱ የትንኝ ማጥፊያውን የዲዲቲ መርጫ አዝሎ ከጎጆ ጎጆ ሲዞር፣ እናቴ አራት ልጅ ይዛ ወር የማያደርስ ደመወዝ ትጠብቃለች። መንደሬው ግድግዳውን ከማስረጨቱ በፊት የሚያነሳበት ይችኑ የእሸት ነገር ነበር። (ዛሬም አዘዞ ላይ ትነሳለች።)

ወባን የምታስተላልፈው ከምሽት እስከ ንጋት የምትናከሰው ሴቷ የወባ ትንኝ ናት። እሸት የሚደርሰው ክረምቱ ወጥቶ ውሃ ባቆረበት ሰሞን ስለሆነ ሁለቱ ይገጣጠማሉ። ሰውም ማሳ ሲጠብቅ፣ እሸት ሲጠብስ ደጅ ያመሻል፤ ትንኟ ያኔ ታገኘዋለች። በቆሎ ከነገሩ ጨርሶ ነጻ ነው ማለቴም አይደለም፤ ብናኙ ኩሬ ውስጥ ሲወድቅ ለትንኟ እጭ ቀለብ እንደሚሆን እዚሁ አገራችን በጥናት ታይቷል። የሚያሰጋው እንግዲህ ከቤት ጥግ መዝራቱ እንጂ መብላቱ አይደለም።

እባክዎ «ወባ ሲከላከል ወባ ያዘው» ብለው ያስተካክሉልኝ። እሸት መውደዱን ግን አይሰርዙት።